የጠፉት ሸክላዎች ማን ቤት ነበሩ?

በአሜሪካ ዊስኮንሲን ግዛት ወንበር የሚሠራ ፋብሪካ ነበር። ስሙም «ዊስኮንሲን ቼር ካምፓኒ»፣ የዊስኮንሲን የወንበር ኩባንያ ማለት ነው። ፋብሪካው እየቆየ የሸክላ ማጫወቻ የሚገጠምበት የእንጨት ሳጥን መሥራት ጀመረ። ሳጥን የገዛ ሰው ደግሞ የሚያጫውተው ሸክላ ይፈልጋል። እንግዲያው ሸክላውንም እኛው እናሳትመው ተባለ። በ1910ዎቹ መጨረሻ ላይ «ፓራማውንት» የተባለው የሸክላ አሳታሚ እንዲህ ነው የተወለደው፤ የቤት ዕቃ ማሻሻጫ ሆኖ። (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

ወንበር ሠሪዎቹ ያዩት ገበያውን ነው። ጥቁር አሜሪካውያን የራሳቸውን ዘፈን ለመግዛት ገንዘብ እንደሚያወጡ ሲገባቸው በ1922 ወደዚያው ዞሩ። ማ ሬይኒ፣ ብላይንድ ሌመን ጀፈርሰን፣ ቻርሊ ፓተን፣ የብሉዝ ታሪክ ያለ እነሱ የማይጻፍ ሰዎች፣ የተቀረጹት በዚህ ኩባንያ ነው። ሸክላው የሚታተምበት ጥሬ ዕቃ ርካሽ ስለነበር አዲሱ ሸክላ ራሱ የአሮጌ ድምፅ ነበረው።

በ1931 መጀመሪያ ላይ ስኪፕ ጄምስ የሚባል የሚሲሲፒ ሰው የኩባንያው ስቱዲዮ ወደነበረባት ወደ ግራፍተን ሄደ። አንዴ ጊታር፣ አንዴ ፒያኖ እየተጫወተ ዘፈነ። ከዚያ ቀረጻ ለእኛ የደረሱት 18 ዘፈኖች ናቸው። ድምፁ ቀጭንና ከፍ ያለ ነው፤ ጊታሩን የቃኘበት ቅኝት ደግሞ ከተለመደው የብሉዝ ቅኝት የጨለመ። ትዝታ እየሰማ ላደገ ጆሮ እንግዳ አይሆንም። ሸክላዎቹ ግን ገበያ የወጡት የአሜሪካ ኢኮኖሚ በተንኮታኮተበት ሰዓት ነው። ዳቦ የቸገረው ሰው ሸክላ አይገዛም። ጥቂት ብቻ ተሸጠ፤ ኩባንያው በ1932 መቅረጽ አቆመ፤ ስኪፕ ጄምስም ሙዚቃውን ትቶ ወደ ቤተ ክርስቲያን አገልግሎት ዞረ። ሸክላ የሚታተምባቸው የብረት ቅጂዎች ሳይቀሩ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጡ ይባላል።

ሶፍትዌር ዴቨሎፐር ነኝ። እንዲህ ያለ ታሪክ ስሰማ መጀመሪያ የሚመጣልኝ የሙያ ጥያቄ ነው፤ ባክአፑ የት ነበር? ዋናው ቅጂ ከተሸጠ፣ ኩባንያው ከተዘጋ፣ ዘፋኙም ከተወው፣ እኔ ከዘጠና ዓመት በኋላ ሥራ ላይ ሆኜ በጆሮ ማዳመጫ የምሰማው ድምፅ ከየት መጣ?

መልሱ አጭር ነው። ከሰው ቤት።

ባክአፑ ሳሎን ውስጥ ነበር

እነዚያን ሸክላዎች የገዙት በአብዛኛው የአሜሪካ ደቡብ ጥቁር ቤተሰቦች ናቸው። ጥጥ የሚለቅሙ፣ የሰው መሬት በእኩል የሚያርሱ፣ በሰው ቤት የሚያበስሉና የሚያጥቡ ሰዎች። አንዱ ሸክላ 75 ሳንቲም ነበር፤ ለእነሱ የዋዛ ገንዘብ አይደለም። ሸክላውን እስኪፋቅ ድረስ አጫወቱት፤ ዘመኑ ሲያልፍ አልጋ ሥር ወይም ሣጥን ውስጥ ገባ። ግን አልጣሉትም።

በ1950ዎቹና በ60ዎቹ ሸክላ ሰብሳቢዎች፣ አብዛኞቹ ነጭ ወጣቶች፣ በየመንደሩ እየዞሩ በር ማንኳኳት ጀመሩ። «አሮጌ ሸክላ አለ?» በኛ ሰፈር ቋንቋ ቁራሌው ማለት ናቸው። በጥቂት ሳንቲም የገዟቸው ሸክላዎች ናቸው ኋላ በአልበም መልክ ተሰብስበው የታተሙት። ዛሬ ስልካችን ላይ ያለው የስኪፕ ጄምስ ወይም የቻርሊ ፓተን ድምፅ ከፓራማውንት መዝገብ ቤት የወጣ አይደለም፤ አንድ ቤተሰብ ደጋግሞ ከሰማው ሸክላ ላይ የተቀዳ ነው። ከዘፈኑ ጀርባ የምትሰሙት የሚንጫጫ ድምፅ ያ ቤተሰብ ስንቴ እንደሰማው የሚናገር ምልክት ነው።

አንዳንዱ ሸክላ የቀረው በሁለትና በሦስት ቅጂ ብቻ ነው። ዊሊ ብራውን የሚባል ጊታሪስት ደግሞ በ1930 እዚያው ግራፍተን ተቀርጾ ከወጡለት ሸክላዎች የአንዱ አንድም ቅጂ አልተገኘም። ሰብሳቢዎች ሽልማት እስከማቅረብ ደርሰዋል፤ የለም። በተገኘውና ባልተገኘው መካከል ያለው ልዩነት የዘፈኑ ጥራት አይደለም። አንዱን የገዛ ሰው ሣጥኑ አልተቃጠለበትም፣ ቤቱን ጎርፍ አልወሰደበትም። በቃ።

እዚህ ላይ ነው ከተለመደው አተራረክ የምለየው። ስለ ጠፉ አልበሞች የሚወራው ታሪክ ሁሉ ጀግናው አግኚው ነው። መኪና ነድቶ፣ ካርታ ገልጦ፣ በር አንኳኩቶ ያገኘ ሰው። ስሙ መጽሐፍ ላይ ይሰፍራል። በሩን የከፈተችው ሴት ስም ግን የለም። ሠላሳ ዓመት አልጋ ሥር ያስቀመጠችው እሷ ናት እኮ።

ለማን ነው የጠፋው?

ሚሲሲፒ ጆን ኸርት በ1928 «ኦኬ» ለሚባል አሳታሚ በሜምፊስና በኒውዮርክ ተቀረጸ። ሸክላው ብዙ ሳይሄድለት ቀረና ወደ መንደሩ ተመልሶ ማረሱን ቀጠለ። በ1952 ሃሪ ስሚዝ የሚባል ሰብሳቢ ከራሱ ሸክላዎች 84 ቀረጻ መርጦ «የአሜሪካ ፎክ ሙዚቃ አንቶሎጂ» ብሎ ሲያሳትም ሁለቱ የኸርት ነበሩ። የከተማ ተማሪዎች ይህን ስብስብ ሲሰሙ ዘፋኞቹ ከሞቱ የቆዩ ነበር የሚመስላቸው።

ቶም ሆስኪንስ የሚባል ወጣት ግን በ1963 አንድ ነገር ልብ አለ። ኸርት አንዱ ዘፈን ውስጥ የመንደሩን ስም ይጠራል፤ አቫሎን። ዘመናዊ ካርታ ላይ የለችም። አሮጌ አትላስ ላይ ተገኘች። ሆስኪንስ ሄዶ ሲጠይቅ ሰውየው እዚያው አለ፤ የራሱ ጊታር እንኳ የለውም። መጀመሪያ ላይ የመንግሥት ፖሊስ የመጣበት መስሎት ነበር ይባላል። በዚያው ክረምት ኒውፖርት በሚባለው ትልቅ የፎክ ፌስቲቫል መድረክ ላይ ወጣ። ከሦስት ዓመት በኋላ አረፈ።

ጋዜጦቹ «ተገኘ» አሉ። ግን እስቲ አስቡት፤ ጎረቤቶቹ ለአንድ ቀንም ጠፍቶባቸው አያውቅም። አማርኛ እዚህ ላይ ደስ የሚል ጠባይ አለው። «ጠፋ» ብቻ አንልም፤ «ጠፋብኝ»፣ «ጠፋብን» እንላለን። ግሱ የጎደለበትን ሰው ጭራው ላይ ይዞ ይዞራል። ኸርት የጠፋው በኒውዮርክና በዋሽንግተን ላሉት ነው። አቫሎን ላሉት የሚያርስ ጎረቤታቸው ነው።

በቀጣዩ ዓመት፣ ጁን 1964፣ ነገሩ ተደጋገመ። ጆን ፌሂና ሁለት ጓደኞቹ ስኪፕ ጄምስን ተኒካ በምትባል የሚሲሲፒ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ አገኙት። በዚያው ወር ሌሎች ሦስት ወጣቶች ሰን ሃውስን ሊፈልጉ ሚሲሲፒ ድረስ ወርደው ካሰሱ በኋላ፣ ሰውየው ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ ሮችስተር ከተማ እንደሚኖር ተነገራቸው። ሰሜን ያሉ ሰዎች ደቡብ ሄደው የፈለጉት ሰው፣ ለካ እነሱው ጋ ነው ያለው። ሙዚቃ ካቆመ ቆይቷል፤ የሚፈልገው ሰው እንዳለም አያውቅም።

ያ ወር ሌላም ታሪክ አለው። ጁን 21 ቀን ሚሲሲፒ ውስጥ ጥቁሮች መራጭ ሆነው እንዲመዘገቡ የሚቀሰቅሱ ሦስት ወጣቶች፣ አንድ ጥቁርና ሁለት ነጭ፣ ተገድለዋል። በዚያ ሰሞን የሰሜን ታርጋ የለጠፈ መኪና ይዞ የመጣ ነጭ ወጣት ጥቁር ሰፈር ገብቶ በር ሲያንኳኳ፣ አደጋው ለመጣው ብቻ አይደለም። መጪው ነገ ወደ አገሩ ይመለሳል። በሩን ከፍቶ «አዎ፣ እገሌን አውቀዋለሁ» ያለው ሰው ግን እዚያው ነዋሪ ነው።

ሰን ሃውስ ሲገኝ የድሮ ዘፈኖቹን አጨዋወት ረስቶት ነበር። አላን ዊልሰን የሚባል የሃያ አንድ ዓመት ወጣት (በኋላ «ካንድ ሂት» የሚባለውን ባንድ ከመሠረቱት አንዱ) ከሸክላዎቹ ላይ ያጠናውን የጊታር አያያዝ ለራሱ ለሰን ሃውስ መልሶ አሳየው። ይሄ ታሪክ ሁሌ ይደንቀኛል። ዘፈኑ ከዘፋኙ ወጥቶ፣ በሰው ቤት ሸክላ ላይ ሠላሳ ምናምን ዓመት ኖሮ፣ በልጁ ዕድሜ ባለ ልጅ ጣት ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። በ1965 ኮሎምቢያ አዲስ አልበም አወጣለት።

ቆጥ ላይ፣ ካሴት ላይ

«ይሄ የሸክላ ዘመን ነገር ነው» የሚል ካለ ወደ ሮክ እንምጣ።

ዲትሮይት ውስጥ ዴቪድ፣ ቦቢና ዳኒስ ሃክኒ የሚባሉ ሦስት ጥቁር ወንድማማቾች ነበሩ። ከተማው የሞታውን ነው፤ ጥቁር ወጣት ሶል ይጫወታል ተብሎ ይጠበቃል። እነሱ ግን ፈጣንና ጩኸታም ሮክ መረጡ፤ የባንዱንም ስም «ዴዝ»፣ ሞት፣ አሉት። በ1975 ሰባት ዘፈን ቀረጹ። የሙዚቃ ኩባንያ አለቃው ክላይቭ ዴቪስ ሙዚቃውን ወዶት ነበር፤ ስሙን ግን ቀይሩ አላቸው። ታላቅየው ዴቪድ አሻፈረኝ አለ። ነገሩ እዚያ ላይ ቆመ። በ1976 በራሳቸው ወጪ 500 ቅጂ ነጠላ ሸክላ አሳተሙ። ያው ነው የቀረው። «ራሞንስ» የመጀመሪያ አልበማቸውን አውጥተው ፓንክ የሚባለው ነገር ስም ያገኘው በዚያው ዓመት ነው።

ቤተሰቡ በኋላ ወደ ቨርሞንት ሄደ። ዴቪድ ወደ ዲትሮይት ተመልሶ በ2000 በሳንባ ካንሰር ሞተ። ከመሞቱ በፊት ቴፖቹን ለቦቢ አስረክቦ፣ አንድ ቀን ዓለም ፈልጎ ይመጣልና ጠብቃቸው አለው። ቴፖቹ ቆጥ ላይ ወጡ። በ2000ዎቹ የድሮ ሸክላ ወዳዶች 500ዋን ቅጂ እያሳደዱ ኢንተርኔት ላይ ሲቀባበሏት፣ የቦቢ ልጅ ሰዎች ሲያጫውቷት ሰምቶ የአባቱን ድምፅ ለየ። አባቱ ሮክ ይጫወት እንደነበረ እንኳ አያውቅም ነበር! በ2009 ሰባቱ ዘፈኖች፣ ግማሽ ሰዓት የማይሞሉ፣ በአልበም ወጡ። የዴቪድ ስም ሽፋኑ ላይ አለ። እሱ ግን የለም።

ያው ዲትሮይት። ሲክስቶ ሮድሪገዝ በ1970 «ኮልድ ፋክት»፣ በ1971 «ከሚንግ ፍሮም ሪያሊቲ» የሚባሉ ሁለት አልበሞች አወጣ። አሜሪካ ውስጥ የገዛው የለም ማለት ይቻላል። አሳታሚው ተዘጋ፤ ሮድሪገዝ ቤት እያፈረሰና እያደሰ ልጆቹን አሳደገ። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ግን በአፓርታይድ ዘመን ያደጉ ነጭ ወጣቶች ዘፈኖቹን በቃላቸው ያውቋቸው ነበር። ከጓደኛ ካሴት እያስቀዱ፣ በግዴታ ውትድርና ላይ ሆነው ሳይቀር ይሰሙታል። ዘፋኙ ግን መድረክ ላይ ራሱን እንዳጠፋ ነበር የሚወራው።

በ1990ዎቹ አጋማሽ ሁለት ደቡብ አፍሪካውያን፣ የሙዚቃ ወዳዱ ስቲቨን ሴገርማንና ጋዜጠኛው ክሬግ ባርቶሎሚው፣ አሟሟቱን ሊያጣሩ ተነሡ። ፍንጩ እንደ ኸርት የቦታ ስም ነበር፤ አንዱ ዘፈን ውስጥ ዲርቦርን የምትባል የዲትሮይት ጎረቤት ከተማ ተጠቅሳለች። በእሷ ተነሥተው የአልበሙን ፕሮዲውሰር አገኙት፤ እሱም ሮድሪገዝ በሕይወት አለ አላቸው። ሴገርማን በከፈተው ድረ ገጽ ላይ ደግሞ የሮድሪገዝ ልጅ ራሷ መልእክት ጻፈች። በ1998 ኬፕ ታውን ሄዶ በሺዎች ፊት ዘፈነ።

ይህን ታሪክ ብዙዎቻችን የምናውቀው በ2012 በወጣው «ሰርቺንግ ፎር ሹገር ማን» ፊልም ነው፤ ኦስካር አግኝቷል። ፊልሙ የዘለለው ነገር አለ። ሮድሪገዝ በ1979ና በ1981 አውስትራሊያ ሄዶ ኮንሰርት አቅርቧል፤ እዚያም አድማጭ ነበረው። ይሄ ሲገባ ታሪኩ ትንሽ ይቀዘቅዛል፣ ግን የበለጠ እውነት ይሆናል። ሮድሪገዝ ሙሉ በሙሉ ጠፍቶ አያውቅም። ለአሜሪካ ጠፋ፤ ለደቡብ አፍሪካና ለአውስትራሊያ ግን ነበረ። የጎደለው በሁለቱ መካከል የሚያገናኝ መስመር ነው። እሱ ዲትሮይት ሲለፋ፣ ሌላ አገር አልበሙ እየተሸጠ ነበር፤ የዚያ ሽያጭ ገንዘብ ደግሞ እጁ አልገባም።

የኛው አህጉር ታሪክ ከዚህ ይብሳል። ዛምቢያ በ1964 ነፃ ወጣች፤ የመዳብ ገንዘብ ነበራት። የፕሬዚዳንት ካውንዳ መንግሥት ሬዲዮ ላይ ከሚተላለፈው ሙዚቃ 95 በመቶው የአገር ውስጥ ይሁን ብሎ አዘዘ። ወጣቶቹም ጊታሩን የሚያጓራ መሣሪያ ላይ ሰክተው የራሳቸውን ሮክ ፈጠሩ፤ በኋላ «ዛምሮክ» ተባለ። ከዋናዎቹ አንዱ «ዊች» የሚባለው ባንድ ነው፤ ድምፃዊው ኢማኑኤል ቻንዳ ከሚክ ጃገር በወሰደው ስም «ጃጋሪ» እየተባለ ይጠራል። ከዚያ የመዳብ ዋጋ ወደቀ፤ አገሩ ደኸየ፤ ዲስኮ መጣ፤ ቀጥሎ ኤድስ መጣና የዚያን ትውልድ ሙዚቀኞች አንድ በአንድ ወሰዳቸው። ጃጋሪ የከበረ ድንጋይ ፍለጋ ማዕድን ቆፋሪ ሆነ። በ2010ዎቹ መጀመሪያ አንድ የአሜሪካ አሳታሚ አልበሞቹን እንደገና ሲያወጣቸው ከመጀመሪያዎቹ የባንዱ አባላት በሕይወት የቀረው እሱ ብቻ ነበር። ከአዳዲስ ወጣቶች ጋር ባንዱን አቋቁሞ በ2023 አዲስ አልበም አወጣ። ሌሎቹ ጓደኞቹ አላዩትም።

እንግዲህ ስንት ጊዜ ነው «ተገኘ» የተባለው? ገንዘቡም ጭብጨባውም አንዳንዴ ይደርሳል። ስኪፕ ጄምስ «ክሪም» የተባለው የእንግሊዝ ባንድ በ1966 ዘፈኑን ስለተጫወተለት ካገኘው ክፍያ መታከሚያ እንዳገኘ ይነገራል። አንዳንዴ ደግሞ አይደርስም። ዴቪድ ሃክኒን በ9 ዓመት ነው ያለፈው።

ማሽኑ የማይፈልገው ሙዚቃ

ዛሬ ሙዚቃ የሚመርጥልን ማሽን ነውና የሱን አሠራር ባጭሩ ልንገራችሁ። እናንተ የሰማችሁትን የሰሙ ሌሎች ሰዎች ሌላ ምን እንደሰሙ ይቆጥራል። ከዚያ ያንን ያቀርብላችኋል። ጥሩ ዘዴ ነው፤ እኔም ተመሳሳይ ነገር ሠርቻለሁ። ግን አንድ የታወቀ ችግር አለበት። ማንም ሰምቶት የማያውቀውን ነገር ምን እንደሚያደርገው አያውቅም። የሚቆጠር ነገር የለውማ! ዜሮ ሰው የሰማው ዘፈን ለማሽኑ መጥፎ ዘፈን አይደለም፤ የሌለ ዘፈን ነው። ማሽኑ አሮጌ አትላስ ገልጦ አቫሎንን አይፈልግም። «አሮጌ ሸክላ አለ?» ብሎ በር አያንኳኳም።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከዚህም የባሰ ነው። በ2019 ማይስፔስ ሰርቨር ሲያዛውር ከ2003 እስከ 2015 የተጫኑበት ዘፈኖች መጥፋታቸውን አስታወቀ። 50 ሚሊዮን ገደማ ዘፈን እንደሆነ ተዘግቧል። ፓራማውንት የብረት ቅጂዎቹን ሲሸጥ ቅጂው ሚሲሲፒ ሳሎን ውስጥ ነበር። የማይስፔስ ዘፈኖች ሲጠፉ ግን ብዙዎቹ ሌላ ቦታ የሉም። ኢንተርኔት አርካይቭ 490,000 ያህሉን መመለስ ችሏል። እንዴት? የሙዚቀኞችን ግንኙነት ያጠኑ የነበሩ ተመራማሪዎች ቀደም ብለው ለራሳቸው ቀድተው አስቀምጠውት ስለነበር። አሁንም የዳነው ያስቀመጠ ሰው ስለነበረ ነው።

ያቺ 75 ሳንቲም ከፍላ ሸክላ የገዛችው ሴት የሸክላው ባለቤት ነበረች። እኛ በወር እየከፈልን ሚሊዮን ዘፈን እንሰማለን፤ አንዱም የኛ አይደለም። ተከራይ ነን። ተከራይ ደግሞ ለልጅ ልጁ የሚያቆየው ዕቃ የለውም። ከሃምሳ ዓመት በኋላ አንድ ጉጉ ልጅ የኛን ዘመን ያልታወቀ ሙዚቃ ፍለጋ ቢነሣ የሚያንኳኳው በር የማን ነው?

ባሕር ዳር፣ ዋሽንግተን፣ ጋሼ ቤት

ይሄ ታሪክ የኛንም ቤት ያውቀዋል። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ በ1981 ከባንዱ ጋር አሜሪካ ሄደው እዚያው ቀሩ። በ1985 አኮርዲዮንና ኪቦርድ ይዘው ብቻቸውን የቀረጹት ካሴት አገር ቤት ወጣ፤ ሰው ሰማው፤ ከዚያ በሌሎች ካሴቶች ሥር ተቀበረ። እሳቸው ዋሽንግተን ዳለስ ኤርፖርት ታክሲ እየነዱ፣ ተራ ሲጠብቁ ኪቦርዳቸውን አውጥተው ይለማመዱ ነበር። በ2013 የአፍሪካ ካሴት የሚሰበስበው ብራያን ሺምኮቪትስ ያንን ካሴት ባሕር ዳር አግኝቶ፣ እሳቸውንም ፈልጎ አግኝቶ በአልበም አሳተመው። ዓለም ተጨበጨበለት፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም አወጡ። ብሉዝም ሮክም አይደለም፤ መንገዱ ግን ያው ነው። በአግኚው ስም ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን ያን ካሴት እስከ 2013 መደርደሪያ ላይ ያቆየው የባሕር ዳር ሰው ማን ነው?

ሰሞኑን አጎቴ ቤት ያለውን የካሴት ካርቶን ወደ ኮምፒውተር እየገለበጥኩ ነው። ሥራው ከባድ አይደለም። የሚሠራ ቴፕ፣ ከኮምፒውተሩ ጋር የሚያገናኝ ገመድ፣ ድምፅ የሚቀርጽ ነፃ ሶፍትዌርና ትዕግሥት ነው የሚፈልገው። አንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ማፋጠኛ የለውም። የካሴት ክር ማግኔት የተቀባ ፕላስቲክ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ይበላዋል፤ ሻጋታ ያወጣል። ጋሼ ደግሞ ካርቶኑን ከወጥ ቤቱ ጎን ነው ያስቀመጡት።

በጣም የቸገረኝ ግን ድምፁ አይደለም። ሽፋኑ ነው። የዘፋኙ ስም አለ፤ የሙዚቃ ቤቱ ስም አለ፤ ባለ ስድስት አሃዝ ስልክ ቁጥር አለ። አንዳንዱ ላይ የተጫዋቾቹ ስም ጭራሽ የለም። ከበሮውን ማን መታው፣ ቤዙን ማን ተጫወተ፣ ባዶ። ኸርትንም ሮድሪገዝንም ያስገኘው እኮ አንድ ቃል ነው፤ የቦታ ስም። የተጻፈ አንድ ቃል ከሌለ የሚፈልግ ሰው ቢኖር እንኳ የሚጀምርበት የለውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ ካሴት አንድ ሠንጠረዥ ከፈትኩና ባዶዎቹን ይዤ ወደ ጋሼ ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ይሄን ሳክስፎን የሚነፋው ማን ነው?»

ዓይናቸውን ጨፍነው ትንሽ ሰሙ። «ይሄማ በአተነፋፈሱ ይታወቃል» ብለው ስም ጠሩልኝ። ጻፍኩት።

«ቤዙስ?»

«ቤዙን አላውቅም። የሚያውቅ ሰው ግን አውቃለሁ፤ ሰሞኑን አሞት ቤት ነው ያለው። ቶሎ ሂድ።»

ነገ ከሥራ መልስ ሄዳለሁ።